ነፋሱ በየት በር ገባ

ስም አልጠራም። የምጽፍባት ሴት በሕይወት አለች፤ ማንበብም ትችላለች፤ ዓይኗም ከእኔ ዓይን ይሻላል። የባሌ ታላቅ እህት ናት ብዬ ልለፈው። ባሌ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሞላው፤ የእሷ የበላይነት ግን ከእሱ ጋር አልተቀበረም።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ጥቅምት ልጄ ስትወልድ ነው። ያለችኝ አንድ ልጅ እሷ ናት። የምትኖረው ከየካ ሚካኤል ወረድ ብሎ ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። እኔ ደረጃ የምወጣው በጎኔ ነው፤ የምወርደው ደግሞ ፊቴን ወደ ደረጃው አዙሬ፣ የኋሊት ነው። ጉልበቴ እንደዚያ ሲሆን ይታገሠኛል። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ሰሞን የረሳሁት ዕቃ ኖሮ የምመለስ እየመሰላቸው «እናቴ፣ እናምጣልዎት?» ይሉኝ ነበር።

የሄድኩት የልጅ ልጄን ላጥብ ነው። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችን ሴት የምትጠብቃት፣ ሕፃኑንም የምታጥበው እናቷ ናት። ይህ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስደርስ ግን ወንበሩ ተይዟል። የባሌ እህት ከአልጋው ራስጌ ተቀምጣለች። የመስኮቱን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ጠቅጥቃዋለች፤ በሩ ሥር ፎጣ ጠቅልላ አጋድማለች። ልጄ ላብ በላብ ሆናለች።

«አራስ ቤት ነፋስ አይገባም» አለችኝ፣ ሰላምታዬን ሳትመልስ። «አንቺማ ታውቂዋለሽ፣ ሙሽራ።»

ይኸው ስንት ዓመት ሙሽራ ስትለኝ። በእነሱ ቤት የወንድም ሚስት ፀጉሯ ቢሸብትም፣ ባሏ ቢሞትም ሙሽራ ናት። በፍቅር የሚሉት አሉ። እሷ የምትለው የመጣሁበትን ቀን እንዳልረሳ ነው።

ሕፃኑ የሚታጠበው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር፤ ከዚያ በተዘጋው መስታወት በኩል ፀሐይ ይሞቃል። በማግስቱ ጠዋት ውኃው ለብ ብሎ ሲቀርብ እጄን ዘረጋሁ። ጣቶቼ አልታዘዙኝም። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ናቸው፤ ማንኪያ እንኳ ቢያነሡ ይጥላሉ። የሕፃኑን አንገት በመዳፌ ልደግፍ ስል ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል አለ። ወዲያው ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ተይው። ይህ እጅ ሕፃን አይይዝም።»

«እስኪፍታታ ነው» አልኩ።

«መች ሊፍታታ! ነፋስ የገባበት አጥንት አይፍታታም።»

ልጄ ከአልጋዋ ሆና «አክስቴ፣ ያንቺም ጉልበት እኮ ያምሻል» አለቻት።

«የእኔ ሪህ ነው። ሪህ ከሥጋና ከቅቤ ነው የሚመጣው፤ የጠገበ ቤት በሽታ ነው። የእናትሽ ቁርጥማት ነው። ቁርጥማት ከነፋስ ነው።»

ይህን ያለችው ሕፃኑን እያጠበች ነው። እኔ ፎጣ ይዤ ቆሜአለሁ። ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ልጄ ቤት እንደ ጠያቂ ዘመድ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሌላ ሰው የልጅ ልጄን ሲያጥብ እያየሁ እንደምከርም ገባኝ። እንዴት እንደምመልሰው ግን አልታየኝም። እጄን ሁላችንም አይተነዋል።

የኋሊት የሚወርድ ሰው የማሰቢያ ጊዜ አለው። በዚያ ቀን ደረጃውን ስወርድ ከንዴቴ ይልቅ ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነበር። እውነት ሁለት በሽታ ነው? ወይስ አንድ በሽታ ሁለት ስም ተሰጥቶት፣ ጥሩውን ስም እሷ ወሰደችው? ስንት ዓመት ቁርጥማት አለብኝ እላለሁ፤ አንድም ቀን ቃሉን አገላብጬ አይቼው አላውቅም።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም አልኩ። ቁርጥማት፣ ከመቆርጠም ነው። ቆሎ ሲቆረጠም የሚሰማው ድምፅ ደረጃ ላይ ጉልበቴ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ቃሉን ያወጣው ሰው በሽታውን ያውቀዋል ማለት ነው፤ ምናልባትም አንዲት ሴት ናት፣ ጠዋት ከመደብ ስትነሣ፣ «ምን ሆንሽ?» ሲሏት፣ «ይቆረጥመኛል» ያለች። ቃሉ አጥንት እየተቆረጠመ መሆኑን ይናገራል። ጥርሱ የማን እንደሆነ አይናገርም። ስለ ነፋስማ አንዲት ፊደል የለበትም። ይህን ሳገኝ የተሰማኝን ደስታ ለማንም አልተናገርኩም፤ የሚነገረውም ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ነፋሱን ማስረዳት አለብኝ፤ የዚህ ሁሉ ነገር ሥሩ እሱ ነው።

ልጄን የወለድኩት እንጦጦ ሥር፣ ጫካው ከሚጀምርበት አጥር ዝቅ ብሎ በነበረው በአማቴ ቤት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ክረምት ነበር። እኔ አራስ ቤት ነኝ፤ ባሌ ክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ነው። አማቴ ያርሱኛል፤ እንጨቱን የምታመጣው ያላገባችው ልጃቸው፣ ይህችው የባሌ እህት ናት። በአሥራ ሁለተኛው ቀኔ የሐምሌ ሚካኤል ዋለ። አማቴ ከሌሊት ጀምረው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሲወጡ «እንጨት ሳታመጪ የትም እንዳትሄጂ» ብለዋታል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። እስከ ረፋድ ጠበቅኳት። እሳቱ ጠፋ፤ ቤቱ ቀዘቀዘ፤ የልጄ ከንፈር ጠቆረብኝ። ጎረቤት ብጣራ ሰዉ ሁሉ ንግሥ ላይ ነው።

ለልጄ ያለኝን ጨርቅ ሁሉ አለበስኳት። በራስጌዋ ብረት አስቀመጥኩ፤ ለብቻው የሚተው ሕፃን ያለ ብረት አይተውም። እኔም ማጭድ ይዤ ወጣሁ፤ አራስም ያለ ብረት አትወጣም። ወጉን አላጎደልኩም። የባሕር ዛፉ ጫካ ከጓሮው በላይ ነው፤ ከዛፎቹ ሥር የረገፈውንና ዝናብ ያላገኘውን ጭራሮ ለቀምኩ፤ አስሬ በጀርባዬ አዘልኩት። እንጨት የተሸከመ ሰው ያውቀዋል፣ ብቻህን ከሆንክ ሸክም መሬት አይቀመጥም፤ አንዴ ካወረድከው የሚያነሣህ የለም። ስለዚህ ከጀርባህ እኩል የሆነ የመሬት ጠርዝ ፈልገህ፣ ሸክሙን እሱ ላይ አስደግፈህ ቆመህ ታርፋለህ። እኔም እንደዚያ አንድ ጊዜ አረፍኩ። ዝናቡ የመጣው እዚያ ላይ እያለሁ ነው።

በር ላይ ስደርስ አማቴ ከሦስት ማኅበርተኞቻቸው ጋር ቆመዋል። እኔ ሸክም ይዤ፣ ከራሴ እስከ እግሬ በስብሻለሁ። ከእነሱ ኋላ የባሌ እህት ነበረች፤ ከእኔ ጥቂት ቀድማ መግባቷ ነው፤ ጫማዋ ገና በጭቃ ነው።

አማቴ ደረታቸውን ያዙ። «አራስ! አራስ ከቤት ወጣች! ሕፃን ጥላ!»

እሷ ቶሎ ብላ «እኔ ተይ ብያት ነበር» አለች።

በዚያ ሁሉ ዘመን ያየሁት መከራ የመጣው ከዚያች አንድ ቃል ነው። የአማቴ ማኅበር ሰማ፤ ማኅበሩ ለሰፈሩ ነገረ፤ ባሌ ሲመለስ አጥር ላይ ነገሩት። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እውነቱን ነገርኩት። «እህቴ አትዋሽም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልነገርኩም። ጉልበቴ መተሳሰር የጀመረው ከዚያ ቀን አሥር ዓመት ቆይቶ ነው፤ እነሱ ግን ወዲያው ምክንያቱን አወቁት። ነፋስ ነው፤ እምቢ ብላ ወጥታ በራሷ ያስገባችው ነፋስ። ያ ነፋስ ከበሩ እስከ ጉልበቴ ለመድረስ አሥር ዓመት የፈጀበት በየት ዞሮ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ልጄ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ስለማላስታውሰው ነገር ተጣልተን «አንቺ እኮ የአሥራ ሁለት ቀን ልጅሽን ጥለሽ የወጣሽ ነሽ» አለችኝ። ድንች እየላጥኩ ነበር። መላጤን ቀጠልኩ።

ወደ ቃሉ ልመለስ። ቁርጥማት ከነፋስ ነጻ ወጥቷል፤ ሪህስ? ሪህን ብገለብጠው ብገለብጠው ምንም አልታየኝም። ከአማርኛ ምንም ዘመድ አላገኘሁለትም። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ሱቅ ያለው ሰውዬ የስልጤ ሰው ነው፤ ልጅ እያለ አረብኛ እንደተማረ ሲናገር ሰምቼ ነበር። የማልፈልገውን ሳሙና ገዛሁና ቆምኩ።

«ሪህ የሚባለው ነገር» አልኩት፣ «በእናንተ በኩል ምንድን ነው የሚባለው?»

«በሽታው በሁሉም በኩል አለ፣ እናቴ» ብሎ ሳቀ። «ቃሉን ከሆነ ግን፣ በአረብኛ ሪሕ ማለት ነፋስ ነው።»

«ምን አልከኝ?»

«ነፋስ። ይኸ መጋረጃዬን የሚያወዛውዘው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ልጅ ሆኜ ተሳስቼ ዱላ የቀመስኩበት ቃል ነው፤ እንዴት እረሳዋለሁ? የእኛ ሪህ ከዚያ የመጣ ይሁን አይሁን ግን ሊቅ ይጠይቁ። እኔ ባለሱቅ ነኝ።»

ሊቅ አልጠየቅኩም። የሰማሁት በቂዬ ነበር። ሳሙናዬን ይዤ ስሄድ ለራሴ እስቅ ነበር፤ የሷ የሥጋና የቅቤ በሽታ ስሙ ነፋስ ሆኖ ተገኘ! የድሮ ሰዎች ምን አስበው እንዲህ እንዳሉ ግን ሳስበው አዘንኩላቸው። የማይታይ ነገር ሰውነታቸው ውስጥ ገብቶ ዛሬ ጉልበት፣ ነገ ትከሻ፣ ከነገ ወዲያ ጣት ሲይዝ፣ ሳይታይ የሚዘዋወር ሌላ ምን ያውቃሉ? ከነፋስ በቀር? ባላውቅ እኔም ያንኑ እል ነበር። ቂሜ ከነሱ ጋር አይደለም። ቂሜ ነፋሱን በእኔ በር አስገብታ እሷ ከሸሸችው ጋር ነው።

ለማወቅ የጀመርኩትን ልጨርሰው ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሟ ከልጄ የምታንስ ሴት ናት። ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፈች ጠየቀችኝ።

«ጠዋት ሲነሡ ተሳስሮ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«እስከ አራት ሰዓት። ብርድ ሲሆን እስከ አራት ተኩል።»

«ከሰዓትስ?»

«ከሰዓትማ መርፌ ላይ ክር እሰካለሁ።»

ጻፈችው። ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። እጄ አይሠራም ብዬ ነበር የማስበው እንጂ ጠዋት አይሠራም ብዬ አይደለም። «በአራስነቴ ነፋስ ገብቶብኝ ነው?» አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ብርድ ሕመሙን ያባብሰው ይሆናል እንጂ ነፋስ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ አይቀመጥም አለች። ደም ሰጥቼ ውጤቱ ሲመጣ ይታወቃል፤ ለጊዜው ግን አርትራይተስ ይመስላል አለችኝ።

«እሱስ ምን ማለት ነው?»

«የመገጣጠሚያ ሕመም ነው።»

«ቃሉን ነው የምልሽ። ከምን መጣ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት በሽተኛ እንደሌለ ያስታውቅ ነበር። ስልኳን አውጥታ አየች። «ግሪክኛ ነው አሉ። አርትሮን መገጣጠሚያ ነው፤ መጨረሻው መቆጣት ማለት ነው። ቁስል ተቆጣ እንደሚባለው።»

የተቆጣ መገጣጠሚያ። ከሰማኋቸው ሦስት ስሞች ይህኛውን ወደድኩት። የኔ መገጣጠሚያ የሚቆጣበት ምክንያት አያጣም።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ልጄ ቤት ሄድኩ። የባሌ እህት ከወንበሯ አልተነሣችም። ልጄ እያጠባች ነው። ቡናም ወሬም ሳልጠብቅ አፈረጥኩት።

«እትዬ፣ ሪህ ማለት ነፋስ ማለት ነው።»

«ማን አለ?»

«በአረብኛ ነው። ባለሱቁ ነገረኝ።»

«የቱ ባለሱቅ? ስኳር የሚሰፍረው?» ወደ ልጄ ዞረች። «ሰማሽ? እናትሽ ዘይትና ሳሙና ሻጭ ዘንድ ሄዳ በሽታዬን አስመረመረችልኝ።»

«ቃሉን ነው ያልኩት።»

«እንግዲያ የአረቦቹ ሪህ ከነፋስ ይሁን፤ አገራቸው በረሃ ነው፣ ነፋስ ይበዛዋል። የእኔ ከሥጋ ነው፤ ያበላኝን አውቀዋለሁ።»

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። «አታስቁኝ በናታችሁ፣ ስፌቴ!» እያለች ሆዷን ያዘች። እኔም ልስቅ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፤ አልሳቅኩም። ሦስት ቀን የለፋሁበት ነገር በአንድ ቀልድ ተጠርጎ ሄደ። እሷ አፏን የፈታችው በቀልድ ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ነገር አውቄ ስመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ቦርሳዬን አነሣሁ።

ልጄ ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን ጠረገች። «ቆይ ግን» አለች። «ይህን ነገር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ቤት ውስጥ እንጨት አልነበረም፣ እማዬ ወጣች። በአራስ ቤት እንጨት አያልቅም እኮ፤ ይኸው አንቺ እዚህ ጋዙ እንዳያልቅ በቀን ሦስቴ ታዪዋለሽ። ያን ቀን እንጨት ማምጣት የማን ሥራ ነበር፣ አክስቴ?»

እንዲህ ቀላል ጥያቄ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ከአማቴም፣ ከባሌም፣ ከማኅበርተኞቹም አንድ ሰው አልጠየቀውም። እኔም መልሱን አውቀዋለሁ እንጂ ሰው እንዲጠይቅ ማድረግ አልቻልኩም።

የባሌ እህት የሕፃኑን ፎጣ ከጭኗ ላይ አንሥታ አጠፈችው። እንደገና ዘረጋችው።

«የእኔ ነበር» አለች።

ሕፃኑ ሲጠባ ብቻ ይሰማል።

«የት ነበርሽ?» አለቻት ልጄ።

«ላምበረት። ያኔ መናኸሪያው የለም፤ ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና መንገድ ዳር ነበር የሚጫነው። የምሸኘው ሰው ነበረኝ።» እኔን አላየችኝም። «መኪናው በዚያ ቀን ነበር የሚሄደው። እንጨት አምጥቼ ብሄድ አላገኘውም።»

«ታዲያ ተይ ብያት ነበር ያልሽው?»

«አላልኳትም። የት አግኝቻት እላታለሁ? እናቴ የት ነበርሽ እንዳትለኝ ነው ያልኩት። ለዚያች ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ ሰዉ ይዞት ሄደ።»

ለዚያች ቀን ብቻ። ለሷ እውነትም ለዚያች ቀን ብቻ ሆኖላት ይሆናል። ይህን የምሰማበትን ቀን ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ፤ የምናገረውንም ቃል በቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ባሌም ቆሞ የሚሰማበት ነበር። አሁን ሰምቼው የመጣብኝ ሐሳብ ሰውየው ማን ነበር የሚል ነው። ሹፌር ይሁን፣ ነጋዴ ይሁን፣ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ፣ አላወቅኩም። አልጠየቅኳትም። ይቅር አልኳት ብዬ አልጽፍም፤ አላልኳትም፤ እሷም ይቅርታ አልጠየቀችኝም።

ልጄ ሕፃኑን ከጡቷ አላቀቀች። ከዚያ «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

«ድንች እየላጥኩ ነበር» አልኳት። አስታወሰችው መሰለኝ፤ ፊቷ ቀላ። ሐኪሟ ስለ እጄ የጠየቀችኝንም፣ የመለስኩላትንም ነገርኳት።

«እጅሽ ከሰዓት ይሠራል ያልሽው እውነት ነው?»

እጄን ዘረጋሁ፤ ከፈትኩት፤ ዘጋሁት። ስምንት ሰዓት ነበር።

«እንግዲህ ሕፃኑ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰዓት ነው የሚታጠበው» አለች። «የምታጥበው እማዬ ናት።»

የባሌ እህት ከወንበሯ ብድግ አለች። «ጉድ እኮ ነው! ከሰዓት ልጅ ይታጠባል? የጠዋት ፀሐዩስ?»

«ጠዋት አንቺ ፀሐይ ታሞቂዋለሽ። ከሰዓት እሷ ታጥበዋለች።»

«እንዲህ ያለ ወግ አልሰማሁም።»

«ዛሬ ሰማሽ፣ አክስቴ። ኦኬ? ውኃውን አሙቁልኝ።»

ውኃውን ያሞቀችው እሷ ናት፤ እኔ ቀለበቴን አወለቅኩ፤ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ክርኔን ነክሬ ሙቀቱን አየሁ። ልጄ ሕፃኑን አቀበለችኝ። አንገቱ መዳፌ ላይ አረፈ፤ ጣቶቼ ዞረው ያዙት። ውኃው ሲነካው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ እግሮቹን ዘርግቶ ዝም አለ። የባሌ እህት በትከሻዬ ላይ ተንጠራርታ ታየኛለች፤ ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ነው።

«አንገቱን! አንገቱን፣ ሙሽራ!»

«ይዤዋለሁ፣ እትዬ። ፎጣውን ያቀብሉኝ።»

አቀበለችኝ።